የጎደሉት ገጾች

«…አብራሪዋም የእናቷን ሻርፕ አጣጥፋ ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠች። ከዚያ መብራቱን አጠፋችው።»

ልጅቷ መጽሐፉን ዘግታ ጉልበቷ ላይ ታኖረዋለች።

አጎቷ ዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ መጽሐፍ አርታኢ ነበሩ። አሁን የምታነብላቸው እሷ ናት፤ ሲያልቅ እሳቸው ፍርድ ይሰጣሉ። የዛሬው ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የተገዛ የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለው መሄዳቸውን ያየችው አብራሪዋ ከጨረቃ ማዶ ብቻዋን ከቀረች በኋላ ነው። እዚያ ጥላት መነሳት አሳዘናት። ድምጿን ሳትቀይር ቀሪውን ከራሷ ፈጥራ ጨረሰችው።

«እንዴት ነው፣ ጋሼ?»

«ያለፈው የራስ ማሻሻያ መጽሐፍ እንጨት እንጨት ይል ነበር። በማለዳ ተነሱ፣ ሀብታም ትሆናላችሁ! ወፍስ በማለዳ አይደል የምትነሳው? ባለፎቅ ወፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?» በራሳቸው ቀልድ ይስቃሉ። «የዚህኛውም ጅማሬ ያው ነው። ብረት፣ ቁልፍ፣ ብረት፣ ቁልፍ። ሰው የለበትም። መጨረሻው ግን…»

ልጅቷ ወደ እሳቸው ጠጋ ትላለች።

«መጨረሻው አንጀቴን በላው። እንዲህ ነው እንጂ መጻፍ! አየሽ፣ አብራሪዋ አታለቅስም። ሻርፗን ታጣጥፋለች፣ በቃ።» ጣታቸውን ድምጿ ወደመጣበት ይቀስራሉ። «አንቺ ብትሆኚ ታስለቅሻት ነበር። ያመጣሽልኝን ታሪክ ሁሉ ሰምቼ የለ? ተይው ያልኩሽ ጠልቼሽ አይደለም። ካልተሰጠሽ አልተሰጠሽም፣ ልጄ።»

«ተይው» ያሏት ቀን ቤቷ ገብታ የጻፈችውን ሁሉ ቀዳዳ ጥላዋለች። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈችም።

«ጋሼ፣ መጨረሻው የኔ ነው።»

«የምን ያንቺ?»

«ገጾቹ የሉም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።» መጽሐፉን እጃቸው ላይ ታስቀምጥላቸዋለች።

አውራ ጣታቸው የኋላውን ሽፋን ገልጦ የተቦጨቀውን ጠርዝ ያገኘዋል። ወደ ላይ ይሄድበታል፣ ወደ ታች ይመለስበታል። እሷ ፊታቸውን ታያለች። አንዲት «ጎበዝ» ብትወጣቸው ዛሬውኑ ቤቷ ሄዳ ወረቀት ታወጣለች።

«እኔም ብያለሁ!» ይላሉ በመጨረሻ። «ሻርፑ በዝቷል። ሰው ለማስለቀስ የገባ ነገር ነው፤ የጀማሪ ሥራ።» መጽሐፉን መልሰው ይገፉላታል። «በይ አሁን ያንን አዲሱን ራስ ማሻሻያ አንብቢልኝ።»

ያኔ ሆዷ ይቆርጣል። አዲሱን መጽሐፍ ከጠረጴዛው ላይ ታነሳለች፤ አትገልጠውም።

«ምዕራፍ አንድ» ትላለች በዚያው የንባብ ድምጿ። «ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ የሚከዳው ዓይኑ አይደለም፤ ፍርዱ ነው። እሱ አይታወቀውም። በዙሪያው ያሉት ግን ያውቃሉ፤ ከንፈራቸውን እየመጠጡ፣ ልክ ነህ እያሉ ያስታምሙታል።»

የአጎቷ ፈገግታ ቀስ እያለ ይጠፋል።

«ይሄ… መጽሐፉ ላይ አለ?» እጃቸውን ይዘረጋሉ።

«አለ እንጂ፣ ጋሼ» ትላለች። እጃቸው ከማይደርስበት ራቅ አድርጋ ትይዘውና፣ ጆሯቸው እንዲሰማው አንድ ገጽ ትገልጣለች።