የተጣበቁት ገጾች

«አንብቤዋለሁ ወንድሜ፤ ደካማ ነው» ብላ ስክሪፕቱን ስትመልስለት፣ ሰውየው ፊቷን እንኳ ሳያይ መሃሉን ገለጠ። የሚፈልገው ምን እንደሆነ አልጠፋትም። ገምጋሚው ማንበቡን ለማወቅ ሁለት ገጽ በሙጫ ጠብታ ማጣበቅ የደራሲዎች የቆየ ዘዴ ነው። ሙጫው ካልተነካ ይግባኝ ሊል ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት ለውጭ አገር የኢንተርኔት ፊልም ኩባንያ ፊልም የሚመርጠው እሱ ነበር። «አንብቤዋለሁ እህቴ፤ ደካማ ነው» ብሎ የመለሰላት ስክሪፕት ሙጫው እንዳለ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ መች ይረሳል! ዛሬ ያ ኩባንያ በአዲሱ ሕግ ግብር ይከፍላል፤ በግብሩ የአገር ውስጥ ፊልም ይደጎማል፤ ለማን እንደሚሰጥ የምትወስነው ደግሞ እሷ ናት። እሱም ከሥራው ተሰናብቶ፣ ደራሲ ነኝ ብሎ ደጇን ሲጠና ከርሟል።

ጣቱ ገጽ አርባ ላይ ቆመ። ሙጫው ተላቋል። ስህተቱ አንድ በአንድ በቀይ እስክሪብቶ ተለቅሟል። ወደ ኋላ ገለጠ፣ ወደ ፊት ገለጠ፤ ቀይ ያልነካው ገጽ የለም። ስክሪፕቱን ዘግቶ ብብቱ ሥር ሸጎጠ።

«ሳላነብ ብመልስልህ ኖሮ» አለችው በሩን እየከፈተችለት፣ «እንደኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ተስፋ ታደርግ ነበር።»