ለወይራምባ ካዝና ሦስት ቃል

የወይራምባ ኡራኤል ዕቃ ቤት ከጥንት ጀምሮ የሚከፈተው በሦስት ሰው ነበር። ሦስት ጓጉንቸር፣ ሦስት ቁልፍ፣ ሦስት የማይተማመኑ ሽማግሌ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ያወጣው የዚያ ደብር ሰው ሳይሆን አይቀርም። ታዲያ ባለፈው ክረምት የገበዙ የቄስ ወልደ ጻድቅ ቁልፍ ከታንኳ ላይ ሾልኮ ጣና ገባ። ጓጉንቸሩ ተሰበረ፤ ደብሩም ለብራና ወንጌሉ ዘመናዊ ካዝና ገዛ።

ካዝናውን የሚያዘጋጁት ከተማው ውስጥ ፔዳ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሚሠሩት ሔራንና ጌትነት ናቸው። ሔራን ምስጢር የሚይዘውን ቺፕ ትሞላለች፣ ጌትነት ካዝናውን ይገጥማል። የሔራን ወላጆች ለፋብሪካ ሥራ ከአዳማ መጥተው እዚሁ የወለዷት ናት። ጌትነት የከተማው ዳር የሰባታሚት ልጅ ነው፤ ቀልድ ካላወራ እንጀራ አይወርድለትም።

ሽማግሌዎቹ ተያይዘው ሱቁ መጡ። ሔራን አስረዳቻቸው።

«እያንዳንዳችሁ አንድ ቃል ትሰጡታላችሁ። ሦስቱም ካልገቡ አይከፈትም። አራት ጊዜ ከተሳሳታችሁ እስከ ዘላለሙ ይዘጋል። ቃሉ ከአራት ፊደል አይነስ፤ የማትረሱት ይሁን። የልጅ ስምና የልደት ቀን ግን አይሁን። ሌባ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው።»

«አንቺስ ታይዋለሽ?» አሉ የደብሩ አስተዳዳሪ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን።

«አላይም አባቴ። ስክሪኑ የሚያሳየኝ ነጥብ ብቻ ነው።»

ማን ይመናት! ሁለቱን ወጣቶች ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ፊደል የተለጠፈበትን ኪቦርድ በነጠላ ጋረዱት። መሪጌታ አማትበው ጀመሩና ጸሎተ ሃይማኖት የሚያስደግም ጊዜ ወሰደባቸው። ቄስ ወልደ ጻድቅ አንዲት ፊደል ጠፍታባቸው ኪቦርዱን ሊያገላብጡት ምንም አልቀራቸው። የምእመናን ተወካይ አቶ ሣህሉ ጡረታ እስኪወጡ የኮሌጅ ጸሐፊ ሆነው ታይፕ ሲመቱ ስለኖሩ ብዙም አልተቸገሩም። ሔራን ፊቷን ስትመልስ ስክሪኑ ላይ አራት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ አራት ነጥብ ተደርድሯል።

«አሁን ፊውዙን ላቃጥለው ነው» አለች። «ከተቃጠለ በኋላ እኔም፣ የሠራው ፋብሪካም ቃሉን መለወጥ አንችልም። የምትለውጡት ካለ?»

«የለም» አሉ ሦስቱም። ተጫነችው።

ካዝናውን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገጥመው ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ ጌትነት፣ «ምን ብለው የጻፉ ይመስልሻል?» አላት።

«አያገባህም።»

«እኔስ የምገምተው ይመስለኛል» ብሎ ሳቀ።

በአርባኛው ቀን ወንጌሉ ጠፋ።

ሔራንና ጌትነት ወደ ደብሩ ተጠርተው ሄዱ። ካዝናው አልተፈለቀቀም፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ሔራን ላፕቶፗን አገናኝታ ቺፑ የያዘውን አነበበች። ማክሰኞ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ግቢው ጭር ሲል፣ አንድ ጊዜ ተከፍቷል። የተሳሳተ ሙከራ የለም። ሦስቱም ቃል የገባው በዘጠኝ ሰከንድ ውስጥ ነው። የዋህ ናትና ሁሉንም ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

«ዘጠኝ ሰከንድ?» አሉ ቄስ ወልደ ጻድቅ። «እኔ በዚያ ጊዜ የመጀመሪያዋን ፊደል አላገኘሁም። ይህ የወጣት እጅ ነው። ሦስታችንም ቃላችንን ለሚስቶቻችን እንኳ አልነገርን። ቺፑን የሞላው ማን ነው? ኡራኤል ይፍረድ።»

ዓይን ሁሉ ሔራን ላይ ዐረፈ። እስር ቤቱ ታያት፤ ከዚያም በላይ የእናቷ ፊት ታያት።

አቶ ሣህሉ ግን አዘኑላት። «ልጅ ናት፤ ሰይጣን አሳስቷት ይሆናል። መጽሐፉን ትመልስና በሰላም ትሂድ። ፖሊስ ምን ያደርግልናል?»

ይቅርታው ከክሱ ይልቅ አመማት። ማክሰኞ እሷ ሱቅ ነበረች፤ ጌትነት ግን እናቴ ታመመች ብሎ አልገባም። ካዝናውን የገጠመው እሱ ነው። «የምገምተው ይመስለኛል» ያለውም እሱ ነው። ስድስት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ምሳ በአንድ ሰሃን በልተዋል። ፍርሃት ግን ይህን ሁሉ አያውቅም።

«ጌትነትን ጠይቁት» አለች። «ቃሉን እገምተዋለሁ ብሎኛል። ማክሰኞም ሥራ አልገባም።»

ጌትነት አመድ መሰለ። «ሔራን» አላት ቀስ ብሎ። ሁለት የደብሩ ጥበቃዎች ክንዱን ያዙት። አንደኛው ፖሊስ ሊጠራ ስልኩን አወጣ።

«ቆይ» አሉ መሪጌታ። «ቀልድ ይሁን እውነት፣ እገምተዋለሁ ብሏል። ሦስት ቃል በግምት ይገኝ እንደሆነ ለምን አናይም? ባዶ ካዝና ምን ምስጢር አለው? የየራሳችንን ቃል በወረቀት እንጻፍና ልጅቷ ታንብበው። የዋሸውን ደግሞ ካዝናው ይናገርበታል።»

«ምስጢር ምስጢር ነው» አሉ አቶ ሣህሉ። «በመሐላ የያዝነውን አደባባይ ማውጣት ነውር ነው።»

«ከእንግዲህ ምኑን እንጠብቃለን? ጻፉ» አሉ መሪጌታ።

መሪጌታ ጽፈው አጠፉት። ቄስ ወልደ ጻድቅ ለብቻቸው ፈቀቅ ብለው ጻፉ። አቶ ሣህሉ እስክሪብቶውን ይዘው ካዝናውን ሲያዩ ቆዩና በመጨረሻ እሳቸውም ጻፉ። ወረቀቶቹን ለሔራን ሰጧት። ዓይኗን ከጌትነት ዓይን እያሸሸች አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው።

«ኡራኤል» አለች፤ ሁለተኛውን አየች፤ «ኡራኤል»፤ ሦስተኛውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፤ «ኡራኤል።» መሪጌታ ቀና ብለው የአቶ ሣህሉን ጣቶች አዩ።