ቄጠማ የበቀለበት

የወንዙ ዳር ረግረግ በእርሻና በከብት ተጠርጎ አለቀ። የመንደሩ ሰው መክሮ ቄሱ እንዲገዝቱለት ለመናቸው። ቄሱ ወንዙ ዳር ቆመው መስቀላቸውን አነሱና፣ «ሰውም ይሁን ከብት፣ ቄጠማ የበቀለበትን መሬት የረገጠ ውጉዝ ይሁን!» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ዝር ያለ የለም። በአራት ክረምት ውሃው ተመለሰ፣ ሾላውና ዋንዛው አቆጠቆጠ፣ ዳክዬውም ርስቱን እንዳስመለሰ ሰው ተደላድሎ ተቀመጠ።

አንድ ቀን ነፋስ የገበሬውን የአንማውን አዲስ የሰሌን ባርኔጣ ነጥቆ ረግረጉ ውስጥ ጣለበት። አማቱ የሰጡት ነው። ከረግረጉ አጠገብ ወዳለው የቄሱ ቤት ሄዶ፣ «አባ፣ ሦስት እርምጃ ብቻ ነው፤ ይፍቀዱልኝ» ብሎ ቢለምናቸው፣ «ግዝት ለሰው ፊት አያዳላም!» ብለው አባረሩት። ባርኔጣው ውስጥ ዳክዬ እንቁላል ጣለችበት።

ዘንድሮ ክረምቱ እንደወጣ፣ እሑድ ቀን ቄሱ ከቅዳሴ ቀሩ። ታመው ይሆናል ብሎ ሰው ሁሉ ወደ ቤታቸው ጎረፈ፤ አጥሩ በር ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ አለ።

ቄሱ ጥምጥማቸውን አስረው፣ መስቀላቸውን ይዘው የቤታቸው ደፍ ላይ ቆመዋል። አንድ እግራቸው አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ረግረጉ ሰፍቶ፣ ከደፉ እስከ አጥሩ ግቢው በሙሉ ለምለም ቄጠማ አብቅሏል።

«ይውጡ እንጂ አባ!» አለ አንማው፣ ባዶ አናቱን እያሻሸ።

ቄሱ እግራቸውን ሳያወርዱ አንዴ ቄጠማውን፣ አንዴ የአንማውን ባዶ አናት አዩ።

«አንማው ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን አለስልሰው፤ «ያ ባርኔጣህ... የት ጋ ነበር የወደቀው?»