ምልክቱን ያወጣው ሰው

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘርአጽዮን ከሜዳ ሲወጣ ቀና ብሎ ሰው ማየት አልቻለም። እንዴትስ ይችላል? ሦስት አገሮች ብቻ የሚካፈሉበት ትንሽ የራግቢ ውድድር ነው። ያውም በገዛ አገሩ፣ ያውም ከሰፈሩ ከሲኤምሲ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ጎረቤቶቹን «ኑና እዩኝ» ብሎ ጠርቶ! የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሆኖ፣ ከኡጋንዳ በመጡ ገና ተተኪ በሚባሉ ልጆች አርባ ሦስት ለአምስት ተሸነፈ። አንዷ ጎረቤቱ «አይዞህ፣ ዋናው ጤና ነው» ስትለው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

መሸነፉ ብቻ ቢሆን ምን አለበት። ያንገበገበው አሸናነፉ ነው። በራግቢ ኳስ በጎን ከወጣ ሁለቱ ቡድኖች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። አንድ ሰው ከውጭ ይወረውራል፤ ከሰልፉ አንዱን ደግሞ ጓደኞቹ ሽቅብ አንስተው ኳሷን ያስይዙታል። ማን እንደሚነሳ ተጋጣሚ እንዳያውቅ በምልክት ይጠራራሉ። የእነ ዘርአጽዮን ምልክት የሰፈር ስም ነበር፤ ከፊት ላለው ጉርድ ሾላ፣ ለመሃለኛው ሲኤምሲ፣ ለኋለኛው አያት። የፈለሰፈው ራሱ ነው። «ለኡጋንዳ ልጅ አያት ምኑ ነው?» እያለ ሁለት ወር ሙሉ ተመጻድቆበታል።

ታዲያ ቅዳሜ ምን ሆነ? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ውርወራዎች ደህና ነበሩ። ከዚያ በኋላ «ሲኤምሲ!» ሲባል ኡጋንዳዎቹ መሃል ላይ ቀድመው አየር ላይ ናቸው። «አያት!» ሲባል ከኋላ። አሥራ ሁለት ጊዜ ተወርውሮ ዘጠኙን ተነጠቁ። አንዳንዶቹማ እየሳቁ ነበር የሚነጥቁት።

«አንድ ሰው ነግሯቸዋል» አለ ዘርአጽዮን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ። የሁሉም ዓይን ቀስ እያለ ወደ ካሊድ ዞረ።

ካሊድ የላምበረት ልጅ ነው፤ አራት ቁጥር፣ የሰልፉ መሃለኛ። ለብሔራዊ ቡድን ሲሰለፍ የመጀመሪያው ነው። ሰው ይወዳል፤ አፉም አያርፍም። ዓርብ ዕለት ከሁለት ኡጋንዳዎች ጋር ተቃቅፎ ሲሳሳቅ ያላየው አልነበረም።

«ዓርብ የት ወሰድካቸው?»

«መስጊድ ነዋ። ሙስሊሞች ናቸው፣ ጁምዓ አብረን ሰገድን። ከዚያ ጁስ ጠጣን፣ በቃ።»

«ጁሱ ላይስ ምን አወራችሁ?»

«ስለ ጨዋታ፣ ስለ ሴት፣ ሌላ ምን ይወራል? ዘርዬ፣ እኔን ነው የምትጠረጥረው?»

«ታዲያ ማንን ልጠርጥር?»

«ወላሂ ትንፍሽ አላልኩም! ተናግሬ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

አሠልጣኙ ጋሽ ላጲሶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተው እንጂ ልጄ፣ ትንሽ እንኳ አጣራ…»

«ጋሽ ላጲሶ፣ እርስዎ ደግሞ ይተዉኝ! እንግዳ መቀበል እኔም አላጣሁትም። ሐሙስ አውቶቡሳቸው ሲቀር ከመገናኛ በታክሲ ይዟቸው የመጣ ማን ነው? በማግሥቱ ብቻቸውን እንዲመጡ መንገዱን ያስለመዳቸውስ? እኔ! ግን እንግዳ ማክበር ሌላ፣ አገር መሸጥ ሌላ!»

ካሊድ ክንዱን ያዘው። «ነገ እናቴ ልታየኝ ትመጣለች። ስጫወት አይታኝ አታውቅም። እባክህ እሷ ፊት አታዋርደኝ።»

«ማልያውን» አለ ዘርአጽዮን እጁን ዘርግቶ።

ካሊድ አውልቆ ሰጠው። ጋሽ ላጲሶ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እሑድ ለዋንጫው ከዚያው ቡድን ጋር ተገናኙ። ምልክቱ ተቀይሯል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ሆኗል። ኡጋንዳዎቹ ጭራሽ ግራ ገባቸው። «ምስር!» ሲባል አንዱ ከፊት ይዘላል፣ ሌላው ከኋላ። ኢትዮጵያ ሃያ ሁለት ለአሥራ ዘጠኝ አሸነፈች። ልጆቹ አምበላቸውን ተሸክመው «አላልክም? አንተ አላልክም?» አሉት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ከሃዲው ካሊድ ነው፤ ነገሩ ተዘጋ።

ዘርአጽዮን ከጓደኞቹ ትከሻ ሲወርድ ከመስመሩ ዳር የካሊድን እናት አያቸው። ወይዘሮ አስማ ብርቱካን በፌስታል ይዘው ቆመዋል። ከጨዋታው መጀመሪያ አንስቶ አራት ቁጥርን ሲፈልጉ ነው የቆዩት።

«አንተ ልጅ፣ ካሊድ የታለ? ጠዋት ቦርሳውን አንግቦ ወጥቷል፤ እዚህ ግን አጣሁት። ተጎድቶብኝ ይሆን?»

«አይ፣ ደህና ነው እናቴ። ዛሬ… ተራው አልነበረም።»

«ተመስገን! እንግዲያው ይቺን እናንተው ብሏት፤ ደክሟችኋል።» ፌስታሉን አስጨበጡት።

ዘርአጽዮን ፊቱ ነደደ። ማፈር የነበረበት እኮ ካሊድ ነው። ሴትየዋ ምንም አላጠፉ፤ እሱም አላጠፋ። ታዲያ ለምን ዓይናቸውን ማየት አቃተው? በልጃቸው አፍሬላቸው ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

የእንግዶቹ አምበል ኦኬሎ በዚህ መሃል እየሳቀ መጣና አቀፈው። ዘርአጽዮን ወደ ጎን ወሰደው። ነገሩን ከአፉ ሰምቶ መገላገል ፈለገ።

«ኦኬሎ፣ ጨዋታው አልቋል፤ አልቀየምህም። ምልክታችንን የነገራችሁ ካሊድ ነው አይደል?»

«ካሊድ?» ኦኬሎ ግራ ገብቶት አየው። «እሱማ ዓርብ ለቀልድ ብንጠይቀው ተቆጥቶ ጁሱን ሳይጨርስ ነው የተነሣው።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«ሐሙስ በታክሲ ስትወስደን ፌርማታዎቹን በጣት ያስቆጠርከን አንተው አይደለህ እንዴ፤ መጀመሪያ ጉርድ ሾላ፣ መሃል ላይ ሲኤምሲ፣ መጨረሻ አያት?»