ለታመመችው ልጅ

«ይሄ ከእጄ አይለይም!» አሉ እትዬ ሣህሊቱ፣ ሃፍሳ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረውን ልትቀበላቸው ስትል።

«ሻንጣው ውስጥ ቢያደርጉት ይሻላል እኮ።»

«ሻንጣ ይጠፋል፣ ልጄ። ያራስ ነገር በእጅ ነው የሚያዝ።»

ሃፍሳ ሻንጣውን ብቻ ከኋላ ጫነችና ካበሾቹ ሰፈር ከፌርፋክስ ወጥታ ወደ ኤርፖርት መንዳት ጀመረች።

ሃፍሳ የኤርፖርት ፈታሽ ናት። ዛሬም እዚያው መቆም ነበረባት። ግን ዋሽንግተን ያሉት ሰዎች በበጀት ተጣልተው መንግሥት ከተዘጋ ወዲህ ያለ ደሞዝ ነው የምትሠራው። በኩራት ትተኩሰው የነበረው ዩኒፎርም ወንበር ላይ ተጨማዶ ያድራል፤ ሥራውም እጅ እጅ ብሏታል። ዛሬ ጠዋት «ሲክ ነኝ፤ አሞኛል» ብላ ደወለችና በገዛ መኪናዋ ተሳፋሪ መጫን ያዘች። ምን ታድርግ! የኢንግልዉድ ቤት አከራይዋ እንደሆነ የበጀት ጠብ አይገባው። የሥራ ባልደረባ እንዳያያት ብቻ ማስክ አጥልቃለች።

«ምን ቋጥረው ነው፣ እትዬ?»

«የአጥሚት ዱቄት ነዋ! ትንሿ ልጄ ዴንቨር ወልዳልኝ። ባለፈው ለትልቋ ስወስድ ኤርፖርት ላይ ጉድ ፈልቶብኝ ነበር። ዱቄት ሲያዩ ከበቡኝ፤ እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ የለኝ። አንዲት ሂጃብ ያደረገች ፈታሽ፣ ያገር ልጅ፣ ከየት መጣች ሳልላት ደርሳ አስረዳችልኝ። ፈትሸው ሲጨርሱም በገዛ እጇ መልሳ ቋጠረችልኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት! ዛሬ ምንም አልፈራሁ፤ እሷ አለችልኝ።»

ሃፍሳ ያን ቀን አልረሳችውም። የእኚህን ሴት ምርቃት ለእናቷ ደውላ ነግራት ነበር። «እኔ ነኝ» የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጣና ሐፍረት መለሰው።

«እሷ እንኳ… ዛሬ የለችም፣ እትዬ። አውቃታለሁ፤ አሟት ቀርታለች።»

«እኔን! ምን አገኛት?»

«ጉንፋን ነገር… ብዙም አይደለም።»

ሃፍሳ በመስተዋቱ ስታይ እትዬ ሣህሊቱ ቋጠሯቸውን ጭናቸው ላይ ፈተው፣ ከቦርሳቸው ባወጡት ፌስታል በእፍኛቸው እየዘገኑ ይጨምራሉ።

«ኧረ እትዬ! ያራሷን?»

«ለሷም ይበቃታል። አጥሚት ለታመመ ሰው መድኃኒት ነው። ቅቤ ጣል አድርጋ ትጠጣው።» ኤርፖርቱ በር ላይ ስትቆም ፌስታሉን ዘረጉላት። «አደራ፣ ስጪልኝ። አንድዬ ይማራት በያት።»

«አሚን» አለች ሃፍሳ። ፌስታሉን በሁለት እጇ ተቀበለች።

እሳቸው ለሷ ብለው ያጎደሉትን ቋጠሮ ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ብቻቸውን ወደ ፍተሻው ገቡ። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባውን ነፋ። ሃፍሳ የታመመችውን ልጅ ዱቄት ጭኗ ላይ እንደያዘች በሩን ታያለች።