የአገረ ገዢው አፍንጫ

በዚያ ቤት ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚፈተሸው የአማችየው ኪስ ነው። አማችየው አንጥረኛ ነው፤ በሰው ቤት ያደገ፣ መፈተሽ የለመደ። ስለዚህ ሽማግሌው አማቱ «ሳንቲሜ ተለውጣለች!» ብለው የጮኹ ጠዋት፣ ሳይጠየቅ ኪሶቹን ገለበጠ።

ሽማግሌው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ናቸው። ሀብታቸው አንዲት የወርቅ ሳንቲም ናት፤ በቅኝ ገዢዎች ዘመን፣ ለአንድ ዓመት ብቻ በሠራ የሳንቲም ማምረቻ የተመታች፣ የአገረ ገዢው መልክ ያለባት። ሃያ ዓመት በመስታወት ሣጥን አኖሯት። በጓንት እንጂ አይነኳትም፤ መዝነዋትም አያውቁም። ሚዛን ለተጠራጣሪ ነው ይላሉ። ጣሪያው ሲያፈስ ከሰው በፊት የሚነሳው የእሷ ሣጥን ነበር። ዘንድሮ ጣሪያው ራሱ አፍሮ ነው መሰል፣ ማፍሰሱን ትቷል።

«የአገረ ገዢው አፍንጫ እንደ ሸንበቆ ቀጥ ያለ ነበር! ይኸው ጠመመ!»

«አባባ፣ እኔ አልነካኋትም።»

«ወርቅ የምታቀልጠው አንተ፣ ማን ሊነካት ነው? ድመቷ?»

ሚስታቸው ሻሻቸውን አጠበቁ። «ኧረ ተወው አንተ ሰውዬ፤ የሄደ ሄደ። ልጃችን ነፍሰ ጡር ናት።»

«ዝም በይ! የሳንቲም አዋቂ ጠርቻለሁ። ሐሰተኛ ናት ካለ፣ ይሄ ሌባ ዛሬውኑ ይወጣል። ልጄ ያለ እሱ ትወልዳለች።»

የአንጥረኛው ሻንጣ ከወዲሁ በሩ ሥር ቆሟል። ሚስቱ መኝታ ቤት ታለቅሳለች።

አዋቂው መጣ። ሳንቲሟን በአጉሊ መነጽር አየ፣ መዘነ፣ ጠርዟን ዳሰሰ፣ ሻይ ጠጣ፣ ደግሞ መዘነ።

«እውነተኛ ናት» አለ።

«አፍንጫውስ?»

«ማምረቻው የነበረው መልኩን የሚያትም አንድ መምቻ ብረት ነው፤ እሱም በመጀመሪያው ቀን ተሰነጠቀ። ሁሉም ላይ አፍንጫው ጠማማ ነው። ቀጥ ያለ ካዩ የአስመሳይ ሥራ ነው። አስመሳይ ቁንጅና ይወዳል።»

ሽማግሌው ወንበር ፈለጉ። ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ ጓንት ያጠለቁት ለናስ ኖሯል። አንጥረኛው ሻንጣውን ወደ መኝታ ቤት መለሰ። ይቅርታ የጠየቀው የለም፤ እሱም አልጠበቀም።

ሚስታቸው ግን ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፦ «ወይ ጉድ! ለጣሪያው ብዬ ያችኛዋን የሸጥኩለት ነጋዴ፣ ‹ይቺ ናስ ናት፤ ባልሽን መሸንገያ ትሁንሽ› ብሎ በምርቃት ነው እኮ የሰጠኝ!»