የረድኤት የዓርብ ውጤት

ኮሌጃችን ውስጥ የፕሮግራሚንግ አሳይመንት የሚያርመውን ሲስተም የሰራሁት እኔ ነኝ። የተማሪው ኮድ ሰርቨሩን እንዳያበላሽ ለብቻው ተዘግቶበት ይሮጣል፣ ይታረማል፣ ዓርብ ዓርብ ውጤቱ ከኔ ስልክ በቴክስት ለቤተሰብ ይሄዳል። አራት መቶ ተማሪ፣ የአንዱንም መልክ ሳላውቅ! ኩረጃም ራሱ ይይዛል።

ባለፈው ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰው ያዘልኝ። አንድ ልጅና ረድኤት የምትባል ተማሪ፣ ኮዳቸው ቁርጥ አንድ ነው። ውጤታቸውን አገድኩና ጠራኋቸው። ልጁ ብቻ መጣ።

"እሷስ? ፈራች?"

"ዜሮውን ለኔ ስጠኝ ቲቸር። የሷን ግን መቶ ብለህ ላክላት፣ በናትህ።"

"ወደሃታል እንዴ?" ብዬ ሳቅኩበት። "ራሷ መጥታ ትለምነኝ።"

መሬት መሬት እያየ፣ "ረድኤትን ከቀበርናት ሶስት ሳምንት ሆነ" አለኝ። "መኪና ገጭቷት። እናቷ ልቧን ኦፕራሲዮን ሆና ሆስፒታል ተኝታለች። ሽማግሌዎቹ፣ በእግሯ ሳትቆም መርዶ አይነገራትም አሉ። ልጅሽ ፈተና ላይ ናት፣ ስልኳም ተበላሽቷል ብለናታል። ዓርብ ውጤት ካልመጣላት ትጠረጥራለች። በረድኤት ስም የምሰራው እኔ ነኝ። የዛሬውን ግን በሁለት ዓይነት መጻፍ አቃተኝ።"

እገዳውን አነሳሁና ለሁለቱም መቶ ላክሁ።

ትንሽ ቆይቶ ከእናትየው ስልክ መልስ ገባ።

"ተባረኩ ልጆቼ። ለረድኤቴ፣ እማዬ ዛሬ በእግሯ ቆማ ሄደች በሉልኝ።"